ለድኩላ የተተወው ድንበር

ገመዳ ነበረ፤ ጎረቤቴ፣ ከሱሉልታ ሜዳ በላይ ወደ ጫካው በሚወጣው ዳገት ላይ ማሳችን ጎን ለጎን የነበረ። አስካለች ነበረች፤ ባለቤቴ፣ የማርሰው መሬት ከአባቷ የመጣላት። ሐጂ ከድር ነበሩ፤ ሰበታ ሱቅ የነበራቸው፣ አንድ አሮጌ የጭነት መኪና በገዛ እጃቸው የሚነዱ። ደረጄ ነበረ፤ ልጄ። እኔ ተሰማ ነበርኩ፤ አሁንም አለሁ። አንዲት ድኩላም ነበረች፤ ግራ ጆሮዋ የተቀደደ፣ አስካለች እመቤት ብላ የሰየመቻት። እንስሳን በሰው ስም መጥራት አልወድም፤ ድሮም አልወድም ነበር። ነገር ግን ከሁላችን መሐል ምንም ሳታጠፋ ያለፈችው እሷ ስለሆነች ከሰዎቹ ጋር እቆጥራታለሁ።

ባለፈው እሑድ የገመዳ ሙት ዓመት ነበርና ቡራዩ ሴት ልጁ ቤት ሄድኩ። ከሱሉልታ ቡራዩ መሄድ ማለት እንጦጦን ወርዶ፣ ከተማውን አቋርጦ፣ ከታክሲ ታክሲ እየተቀያየሩ መዋል ነው። ረዳቱ "ጠጋ በል ፋዘር፣ ይሄ ለአራት ሰው ነው" ይላል፤ ሦስት ሰው እንኳ በማይበቃው ወንበር ላይ። መውረጃው ላይ፣ ብሎኬትና ፌሮ በተቆለለበት ጠርዝ፣ ሸራ ዘርግተው ጎመንና ድንች ከሚሸጡት ሴቶች ፊት ሳልፍ አንድ ሽታ አቆመኝ። ኮምጠጥ ያለ፣ ትንሽ የጠላ ጥንስስ የሚመስል፣ ዝናብ የመታው የዛፍ ቅርፊት ያለበት ሽታ ነው። ጎንበስ ብዬ ሳይ ጆንያ ላይ በትንንሽ መደብ የተደረደረ፣ ከብይ ብዙም የማይበልጥ፣ ግማሽ ጎኑ ቀይ ግማሽ ጎኑ ቢጫ ፖም ነው። ያ ሰው የማይበላው ጎምዛዛ ፖም። ከአንዷ ሴት የቢራ ሳጥን ላይ ሳይፈቀድልኝ ቁጭ አልኩ። "ለስኳር ፍቱን ነው አባቴ፤ በባዶ ሆድ ነው የሚበላው" አለችኝ ሻጯ፣ መድኃኒት ፈላጊ በሽተኛ መስዬያት። አንድ መደብ ገዛሁ። ይህን ስጽፍ ፖሙ ጠረጴዛው ላይ በሰሃን ተቀምጧል፤ ቤቱን ሞልቶታል። አልበላውም። የማልበላበትን ምክንያት ነው የምጽፈው።

ወጣት ሳለሁ ሰበታ አንድ ችግኝ ጣቢያ የቀን ሠራተኛ ነበርኩ። ዘመኑን አልጠራም፤ ስንቱ መጥቶ ስንቱ ሄዷል። ካኪ ሱሪ ጉልበቱ ላይ የተጣፈ፣ ከመኪና ጎማ የተቆረጠ በረባሶ፣ ክረምት ሲሆን ከላዩ የማዳበሪያ ፕላስቲክ እንደ ካፖርት፤ አለባበሳችን ይኸው ነበር። በስሙኒ ሻይና ዳቦ ይገኝ ነበር፤ ዳቦው ዛሬ በሠርግ ላይ የማይገኝ ዓይነት፣ ከታች አመድ የነካው፣ ሲቆረስ የሚተነፍስ። ከአውቶቡስ ማቆሚያው ማዶ፣ ከወፍጮ ቤቱ አጠገብ፣ በሩ ሰማያዊ የተቀባ ሻይ ቤት ነበረ። ባለቤቱ ካሴት የሚያጫውትበት ቴፕ ባትሪው እየደከመ ሲሄድ ዘፋኙ ድምፁ እየወፈረ፣ ዘፈኑ እየተጎተተ ይሄዳል፤ እኛ ደግሞ እንደዚያ ተጎትቶ ስለለመድነው በኋላ ትክክለኛውን ስሰማ የተቻኮለ መስሎኝ ነበር። የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም። ፊደል የለየሁት ችግኞቹ ላይ ከሚታሰሩት የቆርቆሮ ቁራጮች ነው። "ኮክ"፣ "ፕሪም"፣ "ፖም" የሚሉት ናቸው የመጀመሪያ መጻሕፍቴ። ከዚያ ስኳር የተጠቀለለበትን ጋዜጣ፣ ከዚያ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። ዛሬ ልጆች መጽሐፉን ሁሉ በስልካቸው በኪሳቸው ይዘው ይዞራሉ፤ አንድ ገጽ ሲያነቡ አላየሁም። ይህን ስናገር ሰው ይስቅብኛል። ይሳቅ።

ፖም የሚባለው ዛፍ አንድ ዛፍ አይደለም፤ ሁለት ነው። ከታች ሥር የሚሰጠው ጎምዛዛው ነው፤ ጠንካራ፣ ብርድ የማይደፍረው፣ ፍሬው ትንሽና አፍ የሚያደርቅ። የሚጣፍጠው ቅርንጫፍ ከላዩ ይዳቀልበታል። ያ ያልያዘለት ችግኝ ጎምዛዛ ሆኖ ይቀራል፤ ማንም አይገዛውም፤ በየዓመቱ ከጣቢያው ጓሮ ተከምሮ ይቃጠላል። አንድ ዓመት፣ አስካለችን አግብቼ ወደ ሱሉልታ ልሄድ ስሰናዳ፣ ያን ክምር አየሁት። ሥሩ እርጥብ ነው፤ ሕይወት አለው። ሕይወት ያለውን ነገር ማቃጠል ኃጢአት ይመስለኛል። አለቃውን "ልውሰደው?" አልኩት። "ምን ልታደርገው? ጎምዛዛ ነው እኮ!" አለኝ። "አላውቅም" አልኩት። እውነቴን ነበር።

ሐጂ ከድር ጨው ወደ ሱሉልታ ያደርሱ ነበርና መኪናቸው ላይ ጫኑልኝ። መንገዱ ያኔ ኮረኮንች ነው፤ እንጦጦን ስንወጣ ሞተሩ እንደ ሰው ያቃስታል። ሽቅቡን ስናጋምስ መኪናውን አቁመው ውኃ ጨመሩለት፤ ችግኞቹንም አጠጡልኝ። ሂሳብ ስጠይቃቸው ተቆጡ። "ለማን ነው የምትተክለው?" አሉኝ። አፌ ላይ የመጣልኝን ተናገርኩ። "እንጃ ሐጂ፤ ሰው አይበላው። ለዱር አውሬ ይሆን ይሆናል" አልኳቸው። ማርሽ ቀየሩና "እንግዲያው ኪራዩን ከአውሬው እቀበላለሁ" አሉ። ሳቅን። ከዚያ በኋላ በመጡ ቁጥር፣ ሱቃቸው ተዘግቶ መኪናው ዝጎ በሰው መኪና እስኪመጡ ድረስ፣ "አውሬዎቹ ሂሳቤን አሰቡ ወይ?" ይሉኝ ነበር። ያን ሰው ሳስታውስ ዛሬ እምነትን ከእምነት የሚያባሉት ሰዎች የት ሀገር እንዳደጉ ይገርመኛል። አሁን በሕይወት የሉም። ነፍስ ይማር።

ከመሬታችን ራስጌ፣ በእኛና በገመዳ ማሳ መሐል፣ ከጫካው እስከ መንገዱ የሚወርድ ያልታረሰ ጠፍ ነበረ። የአስካለች አባትና የገመዳ አባት "የኔ ነው፣ የኔ ነው" ሲባባሉ የኖሩበት ድንበር ነው። አንዴ ዱላ ተማዘው የአስካለች አባት ክንዱ ተሰብሯል፤ እስኪሞት ሲበላ ግራ እጁን ይጠቀም ነበር። ሽማግሌ ሊፈታው አልቻለም፤ ሁለቱም ምስክር አላቸው። እኔ ስመጣ ሁለቱም አባቶች ሞተዋል፤ ጠቡ ግን እኔና ገመዳ ላይ ደርሶ ሰላምታ አልነበረንም። ከጫካው የሚወርዱት ድኩላዎች ደግሞ የሁለታችንንም ባቄላ እኩል ይበሉ ነበር። ገመዳ ወጥመድ ያጠምዳል፤ እኔ ቆርቆሮ እየደበደብኩ አድራለሁ። ቀን ሁለታችንም ዓይናችን ቀልቶ፣ በዚያ ጠፍ ማዶና ማዶ ቆመን እንተያያለን።

አንድ ማለዳ ችግኞቼን ደጃፌ ላይ ተደርድረው ሲያይ ንግግር የጀመረው እሱ ነው።

"ይሄ ደግሞ ምንድነው?"

"ፖም ነው። ጎምዛዛው።"

"ማን ሊበላው?"

"ድኩላ። ሌላው ፍሬ ሁሉ ሲያልቅ ነው ይሄ የሚበስለው፤ በጋ ገብቶ እንኳ ከዛፉ ላይ አይረግፍም። ከላይ ሲጠግቡ ወደ ባቄላው አይወርዱም ብዬ ነው።"

ገመዳ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው መጀመሪያ። "ዋቃዮ! ተሰማ ለድኩላ ግብር ሊያበላ ነው! ዳስ ትጥላለህ? ጠላስ ታስጠምቃለህ?" ከዚያ ሳቁን ሲጨርስ ወደ ጠፉ አየ። "የት ልትተክለው ነው?" አለኝ። እኔም ወደ ጠፉ አየሁ። ቀድሞ የተናገረው እሱ ነው፤ ክብሩን ለእሱ እሰጣለሁ። "እዚያ ትከለው። እኔም ኮሽምና ሾላ አመጣለሁ። ያንተም አይሁን፣ የኔም አይሁን። ካን ቦሶኑ ሃ ታኡ።" የድኩላዋ ይሁን ማለቱ ነው።

ሽማግሌዎች ተጠሩ። ስምምነቱ በወረቀት አልነበረም፤ ያኔ ወረቀት የሚጻፈው በማይተማመኑ ሰዎች መሐል ነው ብለን እናምን ነበር። አንድ የአካባቢው አባት እርጥብ ሣር ይዞ፣ ሁለታችንም ሣሩን በአንድ ላይ ጨብጠን ማልን። በጠፉ ላይ ከሚተከለው የዛፍ ረድፍ ሰው ፍሬ አይቆርጥም፣ አይበላም፣ አይሸጥም። ከሁለታችን "የኔ ነው" ያለ፣ የወለደው ልጅ አይውጣለት። ያን ጊዜ ደረጄ የአስካለች ማሕፀን ውስጥ ነበር። በእሱ ላይ ነው የማልኩት። ይህን አንባቢ ልብ እንዲልልኝ እፈልጋለሁ፤ ቀሪው ነገር ሁሉ ከዚህ ነውና።

ዛፎቹ እስኪጸኑ ብዙ ለፋን። ጃርት ሥሩን ይቆፍራል፣ ፍየል ቅጠሉን ይላጫል፣ ብርዱ ጫፉን ያቃጥላል። ገመዳ በእሾህ አጠረላቸው፤ እኔ በበጋ ከምንጩ በእንስራ ውኃ አመላለስኩ። አንዳንዱ መንገደኛ "የሱሉልታ እብዶች" ይለን ነበር። ከዓመታት በኋላ ግን በአንድ ጥቅምት ላይ ረድፉ ከጫካው እስከ መንገዱ ቀላ። ኮሽሙ ቢጫ፣ ሾላው ግንዱ ድረስ ፍሬ የለበሰ፣ ፖሙ እንደ ዶቃ የተንጠለጠለ። ሶረኔ የሚባሉት ወፎች ቀይ ክንፋቸውን እየዘረጉ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ይሮጣሉ። ጉሬዛው ካባውን ለብሶ እንደ ዳኛ ይቀመጣል። አመሻሽ ላይ ድኩላዎቹ ይወርዳሉ፤ ወንዱ ጥቁር፣ ሴቶቹ ቀላ ያሉ፣ አንድ እግር አንስተው ለረጅም ጊዜ እያሰቡ ሌላውን የሚያሳርፉ። ባቄላችንን መንካት ትተው ነበር። እኔና ገመዳ በየደጃፋችን ቁጭ ብለን እናያቸዋለን፤ ያ ጠብ የነበረበት ቦታ ምሽት ምሽት የምንተያይበት ሆነ። በኋለኞቹ ዓመታት ደግሞ አስካለች ያቺን ጆሮዋ የተቀደደ "እመቤት መጣች፣ እመቤት ዛሬ ልጅ ይዛ መጣች" ትላለች። "ስም አታውጪላት፤ አውሬ ናት" እላታለሁ። "አንተ ሰውዬ፣ ላንተም እኮ ስም ያወጣልህ ሰው ነው" ትለኛለች። ከዚያ ዘመን ሌላ ሀብት አልነበረኝም። ያ ግን ሀብት ነበር።

ደረጄ እዚያ ረድፍ ሥር አደገ። ገና ልጅ ሳለ አንድ ቀን ጉንጩ አብጦ ሳየው አፉን አስከፈትኩት፤ ፖም ነው። አስተፋሁት። ኪሱ ውስጥ የቀረውን አንድ በአንድ ወደ ግንዱ መልሶ እንዲያስቀምጥ አደረግሁት፤ እያለቀሰ አስቀመጠ። አስካለች "ሕፃን እኮ ነው፣ አንዲት ፍሬ!" ብላ ሳምንት አኮረፈችኝ። እኔ ግን በራሱ የተማለበትን መሐላ ልጁ ራሱ ሲያፈርስ ማየት አልቻልኩም፤ ያን ደግሞ ለሕፃን ማስረዳት አይቻልም። ሲያድግ ጓደኞቹ ፊት "አባቴ ለድኩላ ነው የሚራራው" ሲል ሰምቼዋለሁ። ከአፉ ቀልድ ነው፤ ከዓይኑ ግን አልነበረም።

ከዚያ ከተማው ወጣብን። እንዴት እንደጀመረ በትክክል አላስታውስም። መጀመሪያ ከመንገዱ ማዶ አንድ የተቀባ ድንጋይ ተተከለ። ከዚያ የቆርቆሮ አጥር። ከዚያ ደላሎች መጡ፤ ጫማቸው ሹል፣ ሁለት ሁለት ስልክ የያዙ፣ ከሰላምታ በፊት ካሬ ሜትር የሚጠይቁ። ያ ክረምት በገባ ቁጥር ውኃ የሚተኛበት፣ በመስከረም አደይ የሚያለብሰው ሜዳ መጋዘንና ፎቅ ሆነ። የድርቆሽ ክምር የሚታይበት ቦታ አሁን የአሸዋ ክምር ነው። ሰበታም እንዲሁ፤ ያ ሰማያዊ በር የት እንደነበረ ባለፈው ፈልጌ አጣሁት። ልጄ ቡራዩ ብረታ ብረት ሥራ ተማረና እዚያው በርና መስኮት የሚበየድበት ቤት ከፈተ። ሠራተኛ ነው፤ ይህን አልክደውም። በበዓል እየመጣ ከረድፉ ሥር ለብቻው ይቀመጥ ነበር። ምን እንደሚያስብ ጠይቄው አላውቅም። እኔ ያደግሁት አባት ልጁን ምን ታስባለህ ብሎ በማይጠይቅበት ቤት ነው።

መሬቱ ሊለካ ነው ሲባል ደረጄ ከቡራዩ ገስግሶ መጣ። ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ደጃፍ ላይ ቆመ።

"አባባ፣ ሲጠይቁዎት ረድፉን የኔ ነው ይበሉ።"

"የኔ አይደለም።"

"አውቃለሁ። ግን ባለቤት የሌለው መሬት ክፍት ቦታ ተብሎ ነው የሚመዘገበው። ክፍት ቦታ ደግሞ ለሰው ይሰጣል። ይገባዎታል?"

"ይገባኛል።"

"ዛፎቹን አልነካም። በስምዎ ይሁን ብቻ። ወይም ኦቦ ገመዳ ይበሉ። ከሁለታችሁ አንዳችሁ!"

"ምን ብለን እንደማልን ታውቃለህ?"

"አውቃለሁ" አለ፤ "በኔ ነው የማላችሁት። እኔ ደግሞ ይኸው ቆሜ ፈቅጃለሁ። እርግማኑ ለኔ ይሁን!"

ጮኽኩበት። በራሱ ላይ እርግማን የሚጠራ ልጅ አላሳደግሁም አልኩት። መሬት አምሮህ ነው፣ ወርክሾፕ ልትከፍትበት ነው አልኩት። ፊቱ ተለወጠ። እውነት መሬቱን ፈልጎ ነበር ወይስ ድኩላዎቹን? እስከ ዛሬ አላውቅም። ጠይቄ ማወቅ እችል ነበር፤ ያን ማለዳ።

ለኪዎቹ መጡ፤ ሁለት ወንዶችና አንዲት ልጅ እግር ሴት። ትሑት ነበሩ፤ ክፉ ሰዎች አልነበሩም። የኔን ለኩ፤ የገመዳን ለኩ፤ ከዚያ ረድፉ ራስ ላይ ቆመው ልጅቷ "ይሄኛውስ የማን ነው አባቶች?" አለች። ደረጄ ከኋላዬ ነበር፤ ትንፋሹ ይሰማኛል። እኔ ገመዳን አየሁ። ገመዳ እኔን አየ። ሩቅ የሚመጣ መኪና እስኪያልፍ ድረስ እንዲያ ቆየን። "ካን ኮ ሚቲ" አለ ገመዳ፤ የኔ አይደለም። ወደ እኔ ዞረች። "የኔም አይደለም" አልኩ። "እና የማን ነው?" አለች ግራ ገብቷት። "የድኩላ ነው" አልኳት። ሦስቱም ሳቁ፤ በክፋት አይደለም። አንደኛው ወጣት "ድኩላዋ መታወቂያ አላት አባቴ?" አለ። ልጅቷ ከሳቋ መለስ ብላ በቀስታ "አባቶች፣ አንድ ጊዜ አስቡበት። ባለቤት የለውም ብዬ ልመዝግብ?" አለችን። እድል እየሰጠችን ነበር። አሁን ሳስበው ለምናን ነበር ማለት ይቻላል። ሁለታችንም ዝም አልን። መዘገበች። ደረጄ በእግሩ ወደ መንገዱ ወረደ፤ ወደ ኋላ አልዞረም፤ ከዚያ ወዲህም ደጄን አልረገጠም።

ብዙም አልቆየ፤ ረድፉ ለማናውቀው ሰው ለመጋዘን ተሰጠ። ስካቫተር መጣ። ሾላው ሲወድቅ መሬቱ እግሬ ሥር ተንቀጠቀጠ። ፖሞቹን በመጋዝ ከሥራቸው ቆረጧቸው። ከዚያ ዙሪያውን ረጅም ቆርቆሮ አጠሩ። ሶረኔዎቹ ለጥቂት ቀናት በባዶው ሰማይ ላይ እየጮሁ ዞሩ፤ ከዚያ ቀሩ። ድኩላዎቹ ግን ይወርዱ ነበር። አንዲት ድኩላ፣ እናቷ እናቷን ተከትላ፣ እሷም እናቷን ተከትላ የለመደችውን መንገድ በአንድ አጥር እንዴት ትተወው?

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የቆርቆሮ ድምፅ ሰማሁ። ብም። ዝም ይላል። ብም። ገመዳም ሰምቶ በትሩን ይዞ ወጣ። በአጥሩ ቀዳዳ ስናይ እመቤት ውስጥ ናት። አሸዋ የሚያራግፉት መኪናዎች በሩን ከፍተው ሲተዉት ገብታ ነው፤ ከኋላዋ ተዘግቷል። ጉቶዎቹን አሸተተች፤ ከዚያ ወደ ጫካው ለመመለስ ትሮጥና ቆርቆሮው ላይ ትላተማለች። ግንባሯ ደምቷል። ወደ በሩ ሄድን። ጥበቃው ወጣት ነው፣ የመጣ ሰሞን፣ ራሱን በጋቢ የጠቀለለ።

"ልጄ ክፈትልን፤ ድኩላዋ ትውጣ" አልኩት።

"አልችልም ፋዘር። ባለቤቱ ሳይፈቅድ በር አልከፍትም።"

"ደውልለት" አለ ገመዳ።

"ደውዬ አያነሳም።"

"እኛ እንከፍተዋለን፤ ኃላፊነቱን እኛ..."

"እንዴት ነው የምትከፍቱት?" አለ፤ ተቆጣ። "ግቢው የናንተ ነው እንዴ?"

ገመዳ አፉን ከፈተ። እኔም ከፈትኩ። ሁለታችንም መልሰን ዘጋን። የዚያ ልጅ ጥያቄ የለኪዋ ጥያቄ ነበር፤ መልሱን እኛው ራሳችን ሰጥተን ጨርሰናል። በሩ ላይ ቆመን ብሙን ሰማን። ፀሐይ ሳትጠልቅ ቆመ። አንገቷን ሰብራ ነው። የቀን ሠራተኞቹ ሥጋዋን ተካፈሉ፤ አልፈርድባቸውም፣ የተራቡ ናቸው። አስካለች ለሦስት ቀን እንደ ሰው ልቅሶ ተቀመጠች። በዚህ ጊዜ አልገሠጽኳትም።

ከዚያ በኋላ ገመዳ አልጸናም። መሬቱን ሸጠና ቡራዩ ሴት ልጁ ጋ ገባ፤ ፎቅ ላይ፣ መስኮቱ የሌላ ሰው መስኮት የሚያይበት ቤት። ታሞ ልጠይቀው ስሄድ ውሎ አድሮ የበላኝን ነገር ተናገርኩ። "ኦቦ ገመዳ፣ ያን ቀን የኔ ነው ብትል ኖሮ አልቀየምህም ነበር። ሳይህ የቆየሁት እሱን እንድትል ነበር" አልኩት። በሹክሹክታ "አኒስ አከሱማ" አለ፤ እኔም እንደዚያው። "እኔም አንተን ስጠብቅ ነበር። ብትል ዝም እል ነበር።" እጄን ያዘው። ሁለት ሰዎች እርስ በርሳችን ይቅር ልንባባል ተዘጋጅተን፣ ይቅር የሚያስብለውን ነገር አንዳችንም ሳናደርገው ቀረን።

ልጄን አትዋሽ ብዬ ነው ያሳደግሁት። ያን ቀን ብዋሽ ኖሮ ምን አባት እሆን ነበር? ነገ ያቺ ለኪ ልጅ መጥታ እንደገና ብትጠይቀኝ፣ የኔ አይደለም ነው የምላት፤ ራሴን አውቀዋለሁ። ሰው እውነት ተናግሮ ከተቆጨ መጽናኛው የት እንዳለ የሚነግረኝ መጽሐፍ እስካሁን አላገኘሁም። ብዙ አንብቤያለሁ።

ባለፈው እሑድ ሻጯን "ይሄን ፖም ከየት ነው የምታመጪው?" ብዬ ጠየቅኋት። "ከሱሉልታ ነው አባቴ። አንድ የመጋዘን ጥበቃ ነው የሚያመጣልኝ። ከአጥሩ ውስጥ ከተቆረጠ ጉቶ ላይ በራሱ የበቀለ ነው አለኝ፤ ማንም አይነካው፣ ከቆርቆሮው በላይ ሳይቀር ሞልቶታል አለ።" ግንዱን የቆረጡት ሥሩን አላወቁም፤ ጎምዛዛው አይሞትም። ፍሬው አለ። ከቆርቆሮው ውስጥ ይበስላል፤ ቡራዩ ይሸጣል። ከዚያ ወደ ሙት ዓመቱ ስሄድ የልጄን ወርክሾፕ በር ላይ አለፍኩ። ተከፍቶ ነበር፤ የብየዳው ብልጭታ ይታያል፤ ጀርባውን ሰጥቶ ጎንበስ ብሏል፤ ፀጉሩ ሸብቷል። ፌስታሉን በእጄ ይዤ ቆምኩ። ከዚህ ልስጠው? በሕፃንነቱ ከአፉ ያስተፋሁትን? አልገባሁም።

እንግዲህ ሁላችንን ያስወጣን ይሄ ነው። ሐጂ ከድርን፣ ከአውሬው ሳይቀበሉት የሞቱት የመኪና ኪራይ። ገመዳን፣ የተወለደበት ዳገት፤ መቃብሩ እንኳ ቡራዩ ነው። አስካለችን፣ ምሽት ምሽት ደጃፍ ላይ የምትጠብቀው ነገር፤ አሁን በሩን በጊዜ ትዘጋለች። እመቤትን፣ አንገቷ። ደረጄን፣ አባቱ። እኔን፣ እንዲወጣልኝ ብዬ የማልኩበት ልጄ፤ ከዚያም ላይ የማልበላው አንድ መደብ ፖም፣ ሃምሳ ብር።